የማይሞቱት የውሃ ቁንጫዎች

መሥሪያ ቤት ውስጥ በስሜ የሚጠራኝ የለም፤ «የቁንጫ እናት» ነው የምባለው። ስሙን ያወጡልኝ ጥበቃው ናቸው። መጀመሪያ ሰሞን ተቆጣሁ፣ ኋላ ለመድኩት፣ እያደር ደግሞ፣ ምን እደብቃለሁ፣ ኮራሁበት። ቁንጫ ስል ውሻ ላይ የሚራባውን እንዳይመስላችሁ። የውሃ ቁንጫ ናት፤ ከሰናፍጭ ፍሬ የማትበልጥ፣ ገላዋ ከውጭ ወደ ውስጥ የሚያሳይ፣ በማጉያ መነጽር ሲያዩዋት ልቧ ሲመታ የሚታይ ጉደኛ ፍጥረት። ቀኑን ሙሉ ሽቅብ ዘለል፣ ቁልቁል ዝቅ ስትል ትውላለች። አርባ ጠርሙስ ሙሉ ነበሩኝ። አበላቸዋለሁ፣ ውሃ እቀይርላቸዋለሁ፣ ልጆቻቸውን እቆጥራለሁ፣ ከዚያ እመርዛቸዋለሁ። እናትነቴ እዚህ ላይ ትንሽ ይንሻፈፋል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፋብሪካዎች ወደ ወንዙ በሚለቁት ፍሳሽ ውስጥ መዳብ አለ። መዳብ ሲበዛ ውሃ ውስጥ ያለውን ነፍስ ሁሉ ይጨርሳል። ስለዚህ አንድ ሰው ተነስቶ «በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ ከዚህ በላይ አይፈቀድም» ማለት አለበት። ያ ቁጥር ደግሞ ከሰማይ አይወርድም። እኛ ላብራቶሪ ውስጥ ዓሣውንም፣ ቀንድ አውጣውንም፣ አልጌውንም፣ ቁንጫዋንም በየተራ እንፈትንና ቀድሞ የሚሞተው ማን እንደሆነ እያየን በሰልፍ እናቆማቸዋለን። ገደቡ የሚቀመጠው ሰልፉ መጀመሪያ ላይ ከቆመው ደካማ በታች ነው። የሰልፉ መጀመሪያ ላይ የቆመችው የእኔዋ ቁንጫ ነበረች።

የላብራቶሪው ኃላፊ፣ ዶክተሯ፣ በዚህ ቁጥር ላይ ሰባት ዓመት ለፍተዋል። ቁጥሩ አሥራ ሁለት ማይክሮግራም ነበር። አንድ ሺህ ሊትር በሚይዝ ታንከር ውስጥ የምስር ክክ ስባሪ የምታህል መዳብ ማለት ነው፤ ከዚያ በላይ ክልክል። በሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ኮሚቴው ሊፈርምበት ቀጠሮ ተይዟል። ዶክተሯ ደግሞ በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። «ይህን ቁጥር ሳላስፈርም ከወጣሁ ዕድሜዬን በከንቱ ጨረስኩት ማለት ነው» ይሉኝ ነበር፣ እየሳቁ። ሳቁ ከጥርስ እንደማያልፍ አውቃለሁ።

በዚያ ሰሞን ነው እንግዲህ ጥበቃው አንድ ሰኞ ጠዋት ላብራቶሪው በር ላይ ቆመው ነገር የጀመሩኝ።

«አንቺ የቁንጫ እናት» አሉ፤ «የአንቺዎቹ እኮ የሀብታም ልጆች ናቸው። ምግብ በሰዓት፣ መብራት በሰዓት። እኔ ጥበቃ ቤት ጓሮ ባለው የድንጋይ ገንዳ ውስጥ ያሉትን አይተሻል? አሸንዳው ያወረደላቸውን የዝናብ ውሃ እየጠጡ ማንም ሳይደርስላቸው ይፈነጫሉ። እስቲ ይግጠሟቸው!»

«ጋሼ፣ ይተዉኝ እንጂ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ፈራሽ።»

እኔን ፈራሽ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃሉ እኮ፣ ተንኮለኛ! ማንቆርቆሪያ ይዤ ጓሮ ወረድኩ። እውነትም ገንዳው ውስጥ ይርመሰመሳሉ። ቀድቼ መነጽር ሥር አደረግኋቸው፤ ዘራቸው ከእኔዎቹ ጋር አንድ ነው፣ ልዩነት የላቸውም። የተሸነፈ አንድ ሳምንት ሻይ ሊያፈላ ተወራረድን። ልቤ እንኳ እንደምሸነፍ ነግሮኝ ነበር። የዱር ነገር መቼም ይጠነክራል።

በየብርጭቆው አሥር አሥር ቁንጫ አደረግሁ። ከየወገኑ አንዱ ብርጭቆ ንጹህ ውሃ ብቻ ነው፣ ለማነጻጸሪያ። ሌሎቹ ላይ መዳብ እየጨመርኩ ሄድኩ። በሁለተኛው ቀን፣ ረቡዕ፣ ስቆጥር የእኔዎቹ አልሞት ባይ ተጋዳዮች እንደ ልማዳቸው ይዘላሉ። የጋሼ ቁንጫዎች መዳብ ባለበት ሁሉ አልቀዋል። ንጹሁ ውሃ ውስጥ ካሉት አሥሩ እንኳ ሰባቱ ሞተዋል።

«ሻይ!» ብዬ ኮሪደሩን በጩኸት ሞላሁት።

ጥበቃው መጡና ብርጭቆዎቹን አንድ በአንድ አዩ። ንጹሁ ውሃ ያለበት ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄኛው ውስጥ ምን አድርገሻል?»

«ምንም። ንጹህ ውሃ ነው። የእርስዎዎቹ ታመው የመጡ ናቸው ማለት ነው። ደንባችን ላይ በንጹህ ውሃ ከአሥር ከአንድ በላይ ከሞተ ሙከራው ይጣላል ይላል። እጥለዋለሁ።»

«ቆይ እንጂ» አሉ ጋሼ። «ትናንት እኔ ገንዳ ውስጥ ሲፈነጩ ነበር፤ ዛሬም ጠዋት አይቻቸው ነው የመጣሁት፣ ደህና ናቸው። አቧራና ቅጠል የወደቀበት ውሃ ሳይገድላቸው ያንቺ ንጹህ ውሃ ገደላቸው? ምን ዓይነት ንጹህ ነው እሱ?»

ከዚህ በኋላ ሻዩን ማን እንደሚያፈላ ረሳነው። ደንቡ ጣይው ብሎኛል፤ ብጥለው ማንም አይጠይቀኝም። እኔ ግን ዕድሜ ልኬን አንድ ነገር ካልገባኝ እንጀራ የማይወርድልኝ ሰው ነኝ። ለዚህ ይሆናል ከቁንጫ ጋር ኑሪ ተብዬ የተፈረደብኝ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? እስቲ ከሥሩ ብዬ ሐሙስ ጠዋት አዲስ ብርጭቆዎች ደረደርኩ።

ሦስት ዓይነት ውሃ ወሰድኩ። አንዱ ከጋሼ ገንዳ፤ አንዱ ጣሪያው ላይ ካለው ታንከራችን አፍ በቀጥታ የተቀዳ፤ አንዱ ደግሞ ዘወትር ለቁንጫዎቼ ከምቀዳበት፣ ከዚያው ታንከር በቧንቧ ወርዶ ላብራቶሪ የሚደርሰው። በእያንዳንዱ ውስጥ የእኔንም የጋሼንም ቁንጫዎች አደረግሁ። መዳብ አንዲት ጠብታ አልጨመርኩም።

ቅዳሜ የሥራ ቀን አይደለም፤ ሄድኩ። ባለቤቴ «ዛሬ ደግሞ ማን ሞተ?» እያለ አሾፈብኝ። የጋሼ ቁንጫዎች በገንዳው ውሃ ውስጥ ደህና ናቸው። ከታንከሩ አፍ በተቀዳውም ደህና ናቸው። ከቧንቧው በወረደው ውስጥ ሰባት ሞተዋል፤ እንደገና ሰባት! የእኔዎቹ በሦስቱም አንድም አልሞተባቸውም። ልብ አድርጉ፤ ያው የታንከር ውሃ ነው። ታንከሩ አፍ ላይ ሕይወት ነው፣ ቧንቧው ጫፍ ላይ ሞት ነው። መካከላቸው ያለው አንድ ቧንቧ ነው።

ወንበር ላይ ወጥቼ ቧንቧውን በጥፍሬ ፋቅ አደረግሁት። ቢጫ ሆኖ አበራ። ናስ ነው። ናስ ማለት ከግማሽ በላይ መዳብ ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ ከእኔ በላይ ማወቅ የነበረበት ሰው የለም።

ያን ዕለት ቤት ስገባ ፊቴ ምን እንደሚመስል እንጃ፣ እናቴ «ምን ሆነሻል?» አለችኝ። እናቴ ከእኛ ጋር ነው የምትኖረው፤ ጓሮ አምስት ዶሮዎች አሏት፤ ከእኛ ይልቅ ለእነሱ ታደላለች። ምሳ ላይ ስለ እነሱ ወሬ ጀመረች።

«የጎረቤታችን ዶሮዎች ዘንድሮም በበሽታ አለቁ። የኔዎቹን ግን በሽታ አይደፍራቸውም። አያያዝ ነው!»

ባለቤቴ ሳቁን መያዝ አቃተው። «እማዬ፣ የዛሬ አራት ዓመት አሥራ አንዱን የቀበረው ማነው? አካፋውን የያዝኩት እኔ አይደለሁ?»

«እነዚያማ ደካሞች ነበሩ» አለች እናቴ ምንም ሳይመስላት። «እነዚህ የተረፉት ልጆች ናቸው።»

ማንኪያዬ አየር ላይ ቀረ። አያያዝ አይደለም፤ ደካማው ከሞተ በኋላ የቀረው ሁሉ ጠንካራ መምሰሉ ነው። እናቴን አቅፌ ሳምኳት፤ እሷም ያበድኩ መስሏት ባለቤቴን አየችው።

ሰኞ ማልጄ ገብቼ የድሮ መዝገቦቼን አወረድኩ። የዛሬ ሰባት ዓመት የፕላስቲኩ ቧንቧ ማፍሰስ ጀመረ። ፕላስቲክ ሁለተኛ አይገባም፣ የማይበሰብስ ነገር ይደረግ ብዬ የናሱን ያስገባሁት እኔ ነኝ። ቧንቧ ሠራተኛውን እንኳ ከዚህ አቃጥነህ ከዚያ አሳጥረህ እያልኩ አንገላትቼዋለሁ። መዝገቡ ላይ በራሴ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ይላል፦ «ቁንጫዎቹ እየሞቱ ነው። ሙቀቱ ይሆናል።» በማግስቱ፣ «አሁንም እየሞቱ ነው።» ሁለት ሳምንት እንደዚያ ይቀጥላል። መጨረሻ ላይ፦ «ከሁለት መቶ ስድስት ቀሩ። ብርቱዎች ናቸው። ከእነዚህ አራባለሁ።» ከሥሩ አስምሬበታለሁ፣ በቀይ። ደስ ብሎኝ ነበራ!

አርባ ጠርሙስ ሙሉ የስድስቱ ልጆች ናቸው። ሰባት ዓመት «የአንቺ ቁንጫዎች እንዴት ያለ ጤና አላቸው» እየተባልኩ አንገቴን ቀና አድርጌ የሄድኩት በእነሱ ነው። ሥራችን ደግሞ ደካማውን ፈልጎ ለእሱ ጥብቅና መቆም ነበር። ጠንካራውን አርብቼ፣ ኮትኩቼ፣ ሰልፉ መጀመሪያ ላይ በደካማው ቦታ ያቆምኩት እኔ ነኝ። አፈርኩ። ብቻዬን ቁጭ ብዬ፣ ማንም ሳያየኝ፣ ፊቴ እስኪግል አፈርኩ።

ውሃውን በመለኪያው ማሽን አስለካሁት። ከታንከሩ አፍ የተቀዳው መዳብ የለበትም ማለት ይቻላል። የቧንቧው፣ እኔ ሁልጊዜ ከሁሉ ቀድሜ ገብቼ የምቀዳው፣ ናሱ ውስጥ ተኝቶ ያደረው የጠዋት ውሃ፣ ዘጠኝ ማይክሮግራም አለበት። በዘጠኝ የጋሼ ቁንጫዎች ከአሥር ሰባቱ ይሞታሉ። እኛ ሐሙስ ልናስፈርም የተዘጋጀነው አሥራ ሁለት ነው።

እውነት እናውራ ካላችሁ፣ ዝም ልል አሰብኩ። ቧንቧውን በጸጥታ አስነቅዬ፣ መዝገቡን መደርደሪያው ላይ መልሼ፣ ዶክተሯን በክብር ሸኝቼ። ማክሰኞ ጠዋት ቢሮአቸው በር ላይ ስደርስ እንኳ እግሬ አንዴ ወደ ኋላ ብሏል።

ግን ገባሁና ሁሉንም ነገርኳቸው። ጋሼንም፣ ገንዳውንም፣ ስድስቱንም። ስጨርስ ዶክተሯ መነጽራቸውን አወለቁ።

«ውሃውን በየወሩ እናስመረምረው የለም እንዴ? ይህ ሁሉ ጊዜ እንዴት አልታየም?»

«ናሙናው የሚወሰደው ከታንከሩ አፍ ነው፣ ዶክተር። ከቧንቧው ወስደን አናውቅም።»

«ማነው ከታንከሩ ውሰዱ ያለው?»

«መመሪያው።»

መመሪያውን የጻፉት እሳቸው ናቸው። እኔም ያንን መናገር አልፈለግሁም፤ እሳቸው ግን ራሳቸውን ነቅነቅ አደረጉና «ግሩም ነው» አሉ፣ ምንም ግሩም በሌለው ድምፅ። ከዚያ ተነሱ። «ልያቸው» አሉ።

ማጉያ መነጽሩ ላይ አጎንብሰው ረጅም ጊዜ ቆዩ። አንዴ የእኔን፣ አንዴ የጋሼን። ጥያቄ በጥያቄ ላይ ያዘንቡብኝ ጀመር፤ ስንት ሰዓት ላይ መሞት ጀመሩ፣ መጀመሪያ መዋኘት ነው የሚያቆሙት ወይስ ልባቸው ነው የሚደክመው፣ ልጅ ያረገዙት ይቀድማሉ ወይስ ይዘገያሉ። ለጥቂት ደቂቃ ሐሙስንም፣ ጡረታንም የረሱ መሰለኝ። እኔም ረሳሁ። ሁለት ሴቶች በአንድ ብርጭቆ ላይ ተደፍተን የልጅ ነገር አደረግን።

ቀና ሲሉ ግን ፊታቸው ተመለሰ።

«ስሚኝ» አሉ። «ዛሬ ምንም ገደብ የለም። የፈለጉትን ያህል ይለቃሉ። ሐሙስ አሥራ ሁለትን ካስፈረምኩ ቢያንስ ሃምሳና ስልሳ የሚለቀው ይቆማል። ካነሳሁት ግን ሌላ ዓመት ያለ ገደብ ይሄዳል፤ ያኔ ደግሞ እኔ የለሁም። አሥራ ሁለት ከምንም አይሻልም ትያለሽ?»

«አላውቅም፣ ዶክተር» አልኩ። ከልቤ ነው፤ አላውቅም ነበር። «እኔ የማውቀው በዘጠኝ ሰባቱ መሞታቸውን ነው።»

«ሂጂ እስቲ» አሉኝ። ቀስ ብዬ በሩን ዘጋሁ።

ሐሙስ አዳራሹ ሞላ። እኔ መዝገቤን ታቅፌ ግድግዳው ሥር ነው የተቀመጥኩት፤ የእኛ ቢጤ እዚያ የሚመጣው ዕቃ ለማቀበል እንጂ ለመናገር አይደለም። ዶክተሯ ምን እንደሚሉ አላውቅም። ሁለት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነፈሱልኝም። ተነሱና ግኝቱን ከአንድ እስከ መጨረሻው ተናገሩ፤ ቧንቧውን፣ ሰባት ዓመቱን፣ መመሪያውን የጻፉት እሳቸው መሆናቸውን ሳይቀር። የእኔን ስም ግን አላነሱም። ስለ አሥራ ሁለት ግን እስካሁን ያሉት ነገር የለም።

ሰብሳቢው ግራ ገባቸው። «ታዲያ ዶክተር፣ ቁጥሩ ይሠራል ወይስ አይሠራም?»

ዶክተሯ አፋቸውን ሳይከፍቱ የብረታ ብረት ፋብሪካዎቹ ወኪል፣ አንድ ወጣት ኢንጂነር፣ እጁን አወጣ። ጨዋ ልጅ ነው፣ አነጋገሩም ለስላሳ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ለእኔ ይሄ መልካም ዜና ነው» አለ። «እንስሳቱ በሁለት ሳምንት ውስጥ መዳቡን ከለመዱት፣ የወንዞቹም ይለምዱታል ማለት ነው። ታዲያ ምን ያስጨንቀናል? ቁጥሩ እንዲያውም ከፍ ይበል እንጂ።»

አንዳንዱ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ደሜ ፈላ። እንዴት እንደተነሳሁ አላውቅም፤ ብቻ ራሴን ቆሜ አገኘሁት።

«አልለመዱትም!» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ጮኸ። «የለመደ የለም፣ የኔ ወንድም። ሁለት መቶ ነበሩ። መቶ ዘጠና አራቱን በዚህ እጄ ቆጥሬ መታጠቢያው ውስጥ የደፋኋቸው እኔ ነኝ። ስድስት ቀሩ። ለመዱ የምትላቸው የስድስቱን ልጆች ነው። የሞቱትማ ልጅ የላቸውም፣ መጥተው አይነግሩህም።»

ኢንጂነሩ ትንሽ አሰብ አድርጎ፣ «ስድስትስ ቢሆኑ፣ ተራብተው ቦታውን ይሞሉት የለም?» አለ።

«ይሞላሉ። እስኪሞሉ ድረስ ዓሣው ምን ይበላል?»

ይህን ብዬ ተቀመጥኩ።

ዶክተሯ ማይክሮፎኑን ወደ ራሳቸው ሳብ አደረጉ። «አሥራ ሁለትን አንስቻለሁ» አሉ። «ቦታው ባዶ ይተው። የሚተካኝ ሰው ደህና እንስሳ ይዞ፣ ደህና ውሃ ይዞ፣ ከመጀመሪያው ይጀምራል።» «የሚተካኝ» የምትለዋ ላይ ድምፃቸው ትንሽ ተሰበረ። ውሃ ጠጡና ተቀመጡ። በቃለ ጉባኤው ላይ ከሰባት ዓመት ሥራቸው የተረፈው ያች ባዶ ቦታ ነበረች።

አርብ ከሰዓት ብቻዬን ጠርሙሶቹን ወደ መታጠቢያው ሳመላልስ ዶክተሯ እጅጌያቸውን ሰብስበው ገቡ። አልጠራኋቸውም። ፍል ውሃ በያዘው ባልዲ ላይ አንድ በአንድ እየገለበጥን፣ ሠላሳ ዘጠኝ ጠርሙስ ደፋን። እኔ አለቀስኩ፣ አልዋሽም። ለቁንጫ ማን ያለቅሳል አትበሉኝ፤ ሰባት ዓመት ነው።

አርባኛዋን መደርደሪያው ጥግ፣ ከሳሙናው ኋላ፣ ሸሽጌያት ነበር። ዶክተሯ አዩዋት።

«እቺንስ?»

«እቺን እንኳ ላስቀምጥ፣ ዶክተር። ለማስታወሻ። በምንም ሥራ ላይ አላስገባትም።»

ጠርሙሷን አንስተው ወደ መስኮቱ ብርሃን አደረጓት። ውስጧ ያሉት ይዘላሉ፣ ጤናቸው ያስቀናል።

«ካስቀመጥሻት አንድ ቀን ትጠቀሚባታለሽ» አሉኝ። «አንድ ቀን እንደ ትናንቱ ያለ ስብሰባ ይደርስብሻል። ደካሞቹ ይሞቱብሻል፣ ቁጥር አምጪ ትባያለሽ፣ ጊዜ የለሽም። ያኔ እጅሽ ወደዚህች ይሄዳል። የኔም ማክሰኞ ለት ሄዶ ነበር።»

ልቆጣ ነበር። እኔን ነው እንዲህ የሚሉኝ፣ ራሴ አምጥቼ የነገርኳቸውን! ከዚያ እውነት ይሄዳል ወይ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ። ቢሮአቸው በር ላይ ወደ ኋላ ያለው እግሬ ትዝ አለኝ።

ጠርሙሷን ከእጃቸው ተቀበልኳቸውና ባልዲው ላይ ደፋኋት።